ያልተፈረመው ፖስታ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ማሞቂያው ዛሬም አኩርፏል። ጠዋት ቢሮ ስገባ የራሴ ትንፋሽ ይታየኝ ነበር። ዱዌይን አውቶቡሱን አቁሞ፣ ልጆቹን አውርዶ፣ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ምድር ቤት ወረደ። የትምህርት ወረዳችን ኃላፊ ነው። ሹፌራችንም እሱ ነው። ማሞቂያ የሚጠግነውም እሱ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ እጁን ታጥቦ አልጀብራ ያስተምራል።

እኔ ጸሐፊ ነኝ ይሉኛል። ደመወዝ እሠራለሁ፣ የቦርዱን ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ምርጫ አስፈጽማለሁ፣ ልጅ ሲያመው ትኩሳት እለካለሁ። ዛሬ የሽንት ቤት ወረቀት አዘዝኩ። አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ጥርሱ ወልቆ እያለቀሰ መጣ፤ ጥርሱን በፖስታ አሽጌ ስሙን ጻፍኩበትና ሰጠሁት። ማኅተም ካልመታሽበት አለኝ። መታሁበት።

ነገ ማታ ቦርዱ ይሰበሰባል።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ትናንት አዳራሹ ሞላ። ቅርጫት ኳስ ሲኖር እንኳ እንዲህ አይሞላም።

ዱዌይን ነገሩን በደንብ አስረዳ። ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ስልሳ ሰባት ልጅ ነው ያለን። የዛሬ አሥር ዓመት መቶ አራት ነበሩ። ከግዛቱ ዋና ከተማ ከሄሌና የሚመጣልን ገንዘብ በልጅ ቁጥር ነው፤ ልጅ ሲቀንስ እሱም ይቀንሳል። ማሞቂያው ግን ልጅ አይቆጥርም። ለስልሳም ለመቶም የሚበላው ያው ነው። አውቶቡሱም አንዲት ልጅ ለማምጣት ያንኑ ሃያ ስድስት ማይል ይሄዳል። የጎደለውን ከመሬት ግብር ላይ መጨመር ይቻላል፤ ለዚያ ግን የወረዳችን የሃርሎ ክሪክ ሰው በሜይ ድምፅ ሰጥቶ ይሁን ማለት አለበት። በዓመት መቶ አሥራ ስምንት ሺህ ዶላር። ሰዉ አይሆንም ካለ የላይኞቹ አራት ክፍሎች ይዘጋሉ። አሥራ ዘጠኙ ልጆች አርባ አንድ ማይል ተጉዘው ሬይመር ከተማ ይማራሉ። ሦስት መምህራን ይሄዳሉ። እኔም ምናልባት በግማሽ ቀን…

ከዚያ አባዬ ተነሣ። ባርኔጣው በእጁ ነው።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ዝናብ የለም" አለ። "ከብቶቼን ሲሶውን ሸጫለሁ። ያንተ መሬት ሰፊ ነው ትሉኛላችሁ። ሰፊ ነው። መሬት ቆርሼ ለባንክ አልሰጥም፣ ቆርሼ አልበላም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የምከፍለው እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔ ኤልማር ቬስትቦ አይሆንም ብዬ ነው የምመርጠው። ጸሐፊዋ ትጻፈው።"

ሰዉ ሳቀ። ጸሐፊዋ እኔ ነኛ። ጻፍኩት። "አቶ ኤልማር ቬስትቦ ተቃውሟቸውን ገለጹ።" በገዛ እጄ።

ውጭ፣ ፒክአፕ መኪናው አጠገብ፣ "ስሜን አስተካክለሽ ጻፍሽው?" አለኝ።

"የኔም ስም እኮ ነው አባዬ።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለና በሩን ዘጋው።

አባዬ አንድ ነገር ካለ አለ ነው። ከጓደኛው ከኦርቪል ጋር እጅ በመጨባበጥ ብቻ ሁለት መቶ ጥጃ ተሻሽጠዋል። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። እንዲህ ያለ ሰው በአዳራሽ ፊት የተናገረውን ያጥፋል? አያጥፍም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 27

ሕጉ አፌን ይዞታል። ምርጫ የማስፈጽም ሰው "ይሁን በሉ" ብዬ መቀስቀስ አልችልም። ሱቅ ስሄድ ሰው "ቶርዲስ፣ እንዴት ይሆን ነገሩ?" ይለኛል፤ እኔ ስለ አየሩ አወራለሁ።

ማቪስ፣ የኩሽናችን አለቃ፣ አንድ ሐሳብ ይዛ መጣች።

"ለመረጠ ሰው ሁሉ የቀረፋ ዳቦ ልስጥ?"

"ሕገ ወጥ ነው።"

"ዳቦው?"

"አዎ ዳቦው።"

"አይሆንም ለሚሉትም ብሰጥስ? ትንሽ ትንሿን መርጬ…"

"ማቪስ!"

"እሺ፣ እሺ። ሃያ ሁለት ዓመት የቺሊ ባቄላ ወጥና የቀረፋ ዳቦ ያበላኋቸው ግን አይቆጠርም? እሱም ጉቦ ነው እንግዲህ።"

ደግሞስ ምርጫው በፖስታ ነው። ማን ይመጣና ይበላል?

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ማደያው ጋ ነዳጅ ስቀዳ እዚያው ባለው ቡና ቤት መስኮት አየኋቸው። አባዬ፣ ኦርቪልና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ኦርቪል የአካባቢውን ሰው ከብት እንደሚቆጥሩ እየቆጠሩ ነው። ይሄ ቤት ሁለት ይሁን፣ ያ ቤት ሦስት አይሆንም… በወረቀት መሐረብ ላይ ይጽፋሉ።

ልከፍል ስገባ ኦርቪል ጠሩኝ። "ቶርዲ፣ ተሸንፋችኋል! በአንድም ይሁን በሁለት ተሸንፋችኋል።"

"እኔ ወገን የለኝም ኦርቪል። ምርጫ አስፈጻሚ ነኝ።"

"አባትሽን ጠይቂው።"

አባዬ ቡናውን ያማስላል። ቡናው ውስጥ ስኳር የለም፤ ወተትም የለም። ምኑን ነው የሚያማስለው?

ዓርብ፣ ኤፕሪል 4

ትናንት ጉድ ነበር። ከቀትር በኋላ በረዶው በድንገት ወረደ። ዱዌይን ልጆቹን ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአውቶቡሱ መገናኛ ሬዲዮ ጸጥ አለ። አርባ ደቂቃ። በእነዚያ አርባ ደቂቃዎች ቢሮው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደዞርኩ እንጃ። የእናቶች ስልክ ያለማቋረጥ ይጮኻል። "ይደርሳሉ፣ ይደርሳሉ" እላለሁ።

በኋላ አባዬ ደወለ።

"አውቶቡስሽ ቦይ ውስጥ ገብቶ እኔ በር ላይ ነው" አለ። "አሥራ አንድ ልጅ ኩሽናዬ ውስጥ አለ። እናቶቻቸው እንዳያብዱ ንገሪልኝ። ምን ይበላሉ?"

"ያገኙትን።"

ለአምስት ሰዓት ያህል ቆዩ። ዛሬ ጠዋት ዱዌይን እየሳቀ ነገረኝ። አባዬ በሥጋ መጥበሻው ፓንኬክ ጋግሮላቸዋል። እንቁላሉ አልቆ፣ ዱቄቱ አልቆ፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያልተከፈተ የእንጆሪ ማርማላታ ሁሉ ወጥቷል። ካርታ ተጫውተው ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ አሸንፎት ተናዷል።

ከዚያ ጁን አለች። ጁን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ቤታቸው የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። ሥዕል እየሣለች እዚያው ጠረጴዛው ላይ ራሷን ጥላ ተኛች። አባዬ አይቷት፣ "ይቺ ልጅ ስንት ሰዓት ነው የምትነሣው?" ብሎ ዱዌይንን ጠየቀው።

"አሥራ አንድ ተኩል ላይ።"

"ሬይመር ከሆነስ?"

"ከሌሊቱ አሥር ሰዓት። በረዶ ካለ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብላ።"

አባዬ ተነሣ። ካፖርቱን አምጥቶ አለበሳት።

ምን ማለት ነው? ምንም ማለት አይደለም። ልጅ ስለበረዳት አለበሳት፣ በቃ። አንቺ ደግሞ ተስፋ አታብዢ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 6

ትናንት ማደያው ጋ ኦርቪል፣ "ልጆቹ ልብህን ሰረቁት አሉ" ብለው ቢቀልዱበት፣ አባዬ ጠረጴዛውን መትቶ፣ "አይሆንም ብያለሁ! ስንት ጊዜ ልበል?" አላቸው አሉ። ማቪስ ናት የነገረችኝ።

አላልኩም? ተስፋ አታብዢ አላልኩም?

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18

ሁለት መቶ ሦስት ፖስታ ላክሁ። ምላሴ በሙጫ ደርቋል።

በእያንዳንዱ ውስጥ የሚሰጠው መመሪያ አንድ ነው፦ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርግ፣ በትንሿ ፖስታ አሽግ፣ እሷን በትልቁ ፖስታ ክተት፣ ትልቁ ላይ ፈርም። ያልተፈረመ ፖስታ አይከፈትም። አይቆጠርም። በደማቁ አስምሬበት እንኳ በየዓመቱ አምስት ስድስት ሰው ይረሳል። ያኔ ሰውየውን "ና ፈርም" ብዬ ማሳወቅ የእኔ ግዴታ ነው። ባለፈው ዓመት የቦርዱ ሰብሳቢ ራሱ ረስቶ ነበር።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 30

የአባዬ ፖስታ መጣ። ቴምብሩ እንደ ወትሮው የተገለበጠ ነው። ገልብጬ አየሁት።

የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

ባዶ! ብርሃን ላይ አዞርኩት። ምናልባት ብዕሩ ቀለም አልቆበት ይሆን? ጭረት እንኳ የለም። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አወጣሁት። መልሼ ከተትኩት።

አንድ አይሆንም ቀረ ማለት ነው። ኦርቪል "በአንድም ይሁን በሁለት" ብለው አልነበር?

አሁን እውነቱን ልጻፈው፤ እዚህ የሚያነብብኝ የለም። ደስ አለኝ። ከዚያ አፈርኩ። ከዚያ እንደገና ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 1

ሕጉ በስልክ ወይም በደብዳቤ አሳውቂ ይላል። ወይም! ዛሬ ደብዳቤ ብልክ እዚህ ካለው ፖስታ ቤት ተነሥቶ ሁለት መቶ ማይል ወደ ከተማ ይሄድና ተደርድሮ ይመለሳል። አባዬ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ረቡዕ ነው። ምርጫው ማክሰኞ ያበቃል። ሕግ አልጣስኩም። ማንም ሊከሰኝ አይችልም። ግዴታዬን ተወጥቻለሁ።

ደብዳቤውን ጻፍኩት። "የተከበሩ አቶ ቬስትቦ…" ቴምብር ለጠፍኩበት።

ዱዌይን ቡና ሊቀዳ መጥቶ፣ "ምን ሆነሻል?" አለኝ።

"ምንም።"

"ጨው ነው እኮ ቡናሽ ውስጥ ያደረግሽው።"

ልነግረው አልችልም። እሱም ሥራው፣ ቤቱ፣ የሁለት ልጆቹ ትምህርት በዚህ ድምፅ ላይ ነው። ቢያውቅ ምን ይለኛል? "ደብዳቤውን ላኪው" እንደማይለኝ አውቃለሁ፤ ዓይኑ ግን እንደዚያ ይለኛል።

ዓርብ፣ ሜይ 2

ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ፖስታ ቤቱ በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። መፈረም የረሱትን ሌሎቹን አራት ሰዎች ስልክ ደውዬ አስፈርሜያለሁ። አራቱንም። ለአባቴ ብቻ ነው ደብዳቤ የሚያምረኝ?

ቀደድኩት።

ቅዳሜ፣ ሜይ 3

ሄድኩ። ስልክ አይበቃም፤ ፊት ለፊት ልንገረው ብዬ።

የከብቶቹን የውኃ ገንዳ ሲጠግን አገኘሁት።

"አባዬ፣ ፖስታህ ላይ አልፈረምክም።"

መዶሻውን አስቀመጠ። "ማን ላከሽ?"

"ማንም አልላከኝም። ሕግ ነው። እስከ ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ድረስ ቢሮ መጥተህ መፈረም ትችላለህ። ካልፈረምክ አይቆጠርም።"

"ደብዳቤ መላክ አትችዪም ነበር?"

"እችል ነበር።"

"ታዲያ?"

"አይደርስህማ!"

የተቆጣ መሰለኝ። "ይሄን ግትርነት ከማን እንደወረስሽው እንጃ" አለ።

"ትመጣለህ?"

"ነግረሽኛል?"

"ነግሬሃለሁ።"

"ቀኑን፣ ሰዓቱን?"

"ማክሰኞ፣ ማታ ሁለት ሰዓት።"

"እንግዲያው ግዴታሽን ተወጥተሻል። ሂጂ አሁን፣ ሥራ አለብኝ።"

መንገድ ላይ መኪናውን አቁሜ አለቀስኩ። የላይኞቹን ክፍሎች በገዛ አፌ ነው የዘጋሁት። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ መስኮቱ አጠገብ ነበር የምቀመጠው… አሁን ማን ይቀመጥበታል?

ሰኞ፣ ሜይ 5

አልመጣም። ነገ ይመጣል። ቀጠሮ አርፍዶ አያውቅም፤ ምናልባት መጨረሻዋ ደቂቃ ላይ።

ረቡዕ፣ ሜይ 7

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። አሁን ጠዋት ነው፣ በሩን ዘግቻለሁ።

ቀኑን ሙሉ የፒክአፕ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ መስኮት ሮጥኩ። አባዬ አይደለም። የወተት መኪና ነው። አባዬ አይደለም። ማቪስ "ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ" አለችኝ።

አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱ ቆጣሪዎች መጡ፦ የቀድሞዋ የፖስታ ቤት ኃላፊ ኧርሊን፣ እና ኦርቪል። ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው ይሁን ብሎ ነው ቦርዱ የመረጣቸው። ፊርማዎቹን ማየት ጀመሩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን ኦርቪል ቆሙ።

"እንዴ! ይሄ የኤልማር አይደለም? አልፈረመም!" ወደ እኔ ዞሩ። "አሳውቀሽዋል?"

"ቅዳሜ። ቤቱ ሄጄ።"

"ታዲያ ምን ይጠብቃል ይሄ ሽማግሌ?" ስልኩን አነሡ። ይቻላል፤ እስከ ሁለት ሰዓት ማንም ሊደውልለት ይችላል። አባዬ በስልክ ሲያወራ ይጮኻል፤ ኧርሊንም እኔም እያንዳንዷን ቃል ሰማን።

"ኤልማር! ፖስታህ ላይ ሳትፈርም! ተነሥ፣ አርባ ደቂቃ አለህ!"

"የምን ፖስታ?"

"የምርጫው ነዋ!"

"ልኬዋለሁ መሰለኝ… ወይስ አልላክሁትም?"

"ልከሃል፣ ግን አልፈረምክም። ቶርዲስ መጥታ ነግራሃለች።"

"ቶርዲስ? ቶርዲስ መጥታ ነበር እንዴ? ዛሬ እሑድ አይደለም?"

ኦርቪል ድምፃቸው ተለወጠ። "ማክሰኞ ነው ኤልማር። ማክሰኞ ነው ወንድሜ።"

"እንዴ? እኔ እሑድ መስሎኝ…"

ስልኩን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። መነጽራቸውን አወለቁ። "መቼ ጀመረው?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"መርሳቱ።"

ያኔ ገባኝ። አባዬ የሦስት መቶ ላሞቹን የጆሮ ቁጥር በቃሉ ያውቃል። የሸጣቸውን እንኳ ያውቃል። ቅዳሜ "ቀኑን፣ ሰዓቱን" ብሎ አስደገመኝ። አልረሳም። ከመጀመሪያውም አልረሳም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲፈርም የኖረ ሰው፣ ያቺን አንዲት መስመር ሆነ ብሎ ነው ባዶ የተዋት። ይሁን እንዳይል ቃሉ አለ። አይሆንም እንዳይል… ጁን አለች። እኔ አለሁ።

"እኔ እንጃ" አልኳቸው ለኦርቪል።

ሁለት ሰዓት ሆነ። በሩን ቆለፍኩ። ቆጠሩ።

ይሁን፣ ሰማንያ ስምንት። አይሆንም፣ ሰማንያ ሰባት።

ኦርቪል ሦስት ጊዜ አስቆጠሩን። "ኤልማር ቢፈርም እኩል እንሆን ነበር" አሉ በመጨረሻ። "እኩል ከሆነ ደግሞ ወደቀ ማለት ነበር።" አልተቆጡም። እንዲያውም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "አባትሽን ተንከባከቢው" ብለውኝ ወጡ።

የአባዬን ፖስታ እንደታሸገ "ያልተቆጠሩ" የሚለው ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም። ዓመት ይቀመጥና ይቃጠላል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።

ዱዌይን አዳራሹ ውስጥ ብቻውን ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማቪስ ጮኸች። እኔ መደሰት አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

ሄድኩ። ሳህን እያጠበ ነበር።

"አባዬ…"

"ድምፅ ምሥጢር ነው" አለኝ ፊቱን ሳያዞር። "ምርጫ አስፈጻሚዋ አንቺ ነሽ። እኔ ላስተምርሽ?"

"ሰው ሁሉ ጃጅቷል እያለህ ነው እኮ!"

"ይበል።"

"ለምን በዚህ መንገድ? ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት አይቻልም ነበር?"

ሳህኑን አስቀመጠ። "አይሆንም ብዬ እመርጣለሁ ብዬ በአዳራሹ ፊት ተናግሬያለሁ። አንቺ ራስሽ ጻፍሽው። ኦርቪል በእኔ ቃል ተማምኖ ነው ሲቆጥር የከረመው። በፊቱ ቃሌን አጠፍኩ ልበለው? አርጅቼ ረሳሁ ብለው ይቀለኛል። ማርጀቱም ውሸት አይደለም።"

ከዚያ ፎጣውን ወረወረልኝ። "አድርቂ፣ ቆመሽ አትይኝ።"

ሰኞ፣ ጁን 16

እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ማደያው ጋ ካርታ ሲጫወቱ ነጥብ የሚይዘው ሁልጊዜ አባዬ ነበር። አሁን ወረቀቱን ወስደውበታል። ማቪስ በየሳምንቱ ሾርባ ትልክለታለች። ኦርቪል ደግሞ ሲያናግሩት ይጮኻሉ፦ "ኤ-ል-ማ-ር! ቡ-ና ት-ጠ-ጣ-ለ-ህ?"

አባዬ ጆሮው ከኦርቪል ጆሮ ይሻላል። ፊቱ ሲቀላ አየሁት። "እጠጣለሁ፣ አመሰግናለሁ" አለ። በቃ። ያ ቁጡ ሰውዬ!

ወደ ቢሮ ተመልሼ የሦስቱን መምህራን ውል ፋይል አደረግሁ። ሦስቱም ፈርመዋል። እያንዳንዱ ወረቀት ከአባዬ ላይ የተቀነሰ ነገር መሰለኝ። ለማን ልንገር? ለማን?

እሑድ፣ ጁላይ 20

ወንድሜ ዌንደል ከዴንቨር መጣ። ኦርቪል ደውለውለታል። ለበጎ ነው፤ አውቃለሁ ለበጎ ነው።

"ፊርማ ረስቷል፣ ቀን ረስቷል" ይላል ዌንደል። "የፒክአፑን ቁልፍ መውሰድ አለብን ቶርዲስ። አውራ ጎዳና ላይ ሰው ቢገጭስ?"

"አይገጭም። ምንም አይረሳም።"

"ታዲያ ፊርማውን እንዴት ረሳ?"

አፌን ከፈትኩ። አባዬ ከጠረጴዛው ማዶ አየኝ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሳለን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስናወራ የሚያየን ዓይን ነው። አፌን ዘጋሁ። እሱ ኪሱ ገብቶ ቁልፉን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"በግቢዬ ውስጥ ግን በትራክተር እሄዳለሁ" አለ። "እሱን ከነካህብኝ ጥጆች ጋ ነው የማሳድርህ።"

ወጥቼ የፒክአፑን ጎማ በእርግጫ መታሁ። ዌንደልን ጠላሁት። ኦርቪልን ጠላሁ። አባዬን ራሱን ጠላሁት… ሁለት ደቂቃ ያህል። እግሬ አሁንም ያመኛል።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

የቦርድ ስብሰባ። አጭር። ዱዌይን አውቶቡሱ ላይ ትንንሾቹን የሚያሻግር ረዳት ዘንድሮም ጠፋ አለ። ክፍያ ስለሌለው ማን ይመጣል? ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ፣ "የኤልማር ቤት መንገዳችን ላይ ነው" አለ። "ፒክአፑንም ወስደውበታል። ብንጠይቀውስ?"

አንዱ የቦርድ አባል፣ "ይረሳል እኮ" አለ።

"ሕፃናቱ ያስታውሱታል" አለች ማቪስ ከኋላ። ተሳቀና ጸደቀ። ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት። የአባዬን ስም ዘንድሮ ሁለተኛ ጊዜ መጻፌ ነው።

ዱዌይን እውነቱን ያውቅ ይሆን? እንጃ። አልጠየቅሁትም፤ አይነግረኝም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 27

ትምህርት ተከፈተ። ስልሳ ዘጠኝ ልጅ! ሁለት ጨምረናል፤ የአዲሷ የሳይንስ መምህርት ልጆች ናቸው። የላይኞቹ አራት ክፍሎች በር ሁሉ ክፍት ነው። ጁን አሥረኛ ክፍል ገባች። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ በእኔ ቦታ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። መጀመሪያ የወረደው አባዬ ነው። ባርኔጣ፣ የእሑድ ሸሚዝ። ትንንሾቹን አንድ በአንድ እያወረደ ይቆጥራል። ዱዌይን፣ "አንዲት ልጅ ቦርሳዋን ረስታ አምስት ማይል ሄደን ነበር፣ እሱ ነው ያስታወሰው" አለኝና ወደ ማሞቂያው ወረደ።

ቅጽ አለ። ተማሪ ያልሆነ ሰው አውቶቡስ ላይ ከተሳፈረ መፈረም አለበት። አባዬ ቢሮዬ ገብቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ማቪስ ዳቦ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

ብዕር ሰጠሁት። ሙሉ ስሙን ጻፈ፤ ኤልማር ዮሃን ቬስትቦ። ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይዘል። ከዚያ እኔ የሞላሁትን ቀን በአንድ ጭረት ሰረዘው።

"ሃያ ስድስት ብለሽ ጻፍሽ" አለ። "ዛሬ ሃያ ሰባት ነው።"

"ዛሬ የማይረሱበት ደግ ቀናቸው ነው" አለችኝ ማቪስ በሹክሹክታ፣ በሐዘኔታ።

"አዎ" አልኳት። "ደግ ቀኑ ነው።"

እሷ ስትሄድ አባዬ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። ጣቱን ፊርማው ላይ አሳረፈ።

"አየሽ፣ ስፈልግ እፈርማለሁ" አለኝ።

ዳቦውን ይዞ ወጣ። ቅጹን ፋይል አደረግሁት።